«መጣሁ» ብሎ መሄድ

አማርኛችን ደግ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ሕፃን ያስለቀሰ አንድ ቃል አለው። «መጣሁ» ይሰኛል። ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲወጣ «ሄድኩ» አይልም፤ «መጣሁ» ይላል። እግሩ ገና ከደጃፍ ሳያልፍ ሄዶ እንደ ተመለሰ አድርጎ በኃላፊ ጊዜ ይናገራል። ለአዋቂ ሰው ይህ የጨዋ አነጋገር ነው፤ «መጣሁ» ያለው ሰው ሳይመለስ ቢቀር «አንድ ነገር ገጥሞት ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ለአራት ዓመት ሕፃን ግን ቃሉ ቃል ኪዳን ነው። «መጣሁ» የተባለ ሕፃን ዓይኑን ከደጁ ላይ አይነቅልም።

ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ዓድዋም፣ ስለ ማይጨውም፣ ስለ ነገሥታቱ አነሣሥና አወዳደቅም ለብዙ ተማሪ ተናግሬአለሁ። የትምህርትን ታሪክ ሳስተምርም ማን ትምህርት ቤት እንደ ከፈተ፣ መምህራኑ ከየት እንደ መጡ፣ በምን ቋንቋ እንዳስተማሩ በየዓመተ ምሕረቱ አስጠንቻለሁ። ሕፃኑን ማን እጁን ይዞ እንዳደረሰው፣ በር ላይ ምን እንዳለውና እንዴት ትቶት እንደ ተመለሰ ግን አስተምሬ አላውቅም። ነገሩ ያሳሰበኝ መስከረም 2017 ዓ.ም. የልጅ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአንድ ቤተሰብ አራት የመጀመሪያ ቀኖችን ላውጋችሁ። ቤተሰቡ የእኔ ነው፤ ቀኖቹ ግን የብዙዎቻችሁም ሳይሆኑ አይቀሩም።

የኔታ ዘንድ

የመጀመሪያው ቀን የራሴ ነው፤ 1950 ዓ.ም.፣ ጉለሌ። አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች፤ አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው። ዝግጅቱ የተጀመረው በዋዜማው ነው። ራሴን ተላጨሁ፤ ገላዬን ታጠብኩ፤ ነጠላዬ በእንዶድ ታጥቦ ነጣ። እናቴ ድፎ ዳቦ ደፋች። አባቴ ከመርካቶ የፊደል ገበታ ገዝቶ መጣ፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተሙ በየአገሩ ካሠራጩት አንዱ ነው። እንዳይቀደድ ተብሎ በካርቶን ላይ በሊጥ ተለጠፈ።

በማግሥቱ እናቴ ዳቦውን ይዛ፣ እኔን እየጎተተች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደረስን። የኔታ ከጥድ ሥር ተቀምጠዋል። ሕፃናቱ ዙሪያቸውን ከበው እየተወዛወዙ ይጮኻሉ። እናቴ ጉልበት ስማ ዳቦውን አቀረበች። «የኔታ፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ሌላው የእርስዎ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «መጣሁ» አለችኝ። ነጠላዋ ከቅጥሩ በር ወጥቶ ሲጠፋ አየሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ታላቅ እኅቴ መጥታ እስክትወስደኝ ድረስ በስንደዶ የሚጠቆምልኝን ፊደል ሳይሆን ያን በር ነበር የማየው። ለዚህም ሁለት ጊዜ አለንጋ ቀመስኩ።

እናቴን አልወቅሳትም። እሷም ሆነች የኔታ የያዙት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣውን ሥርዓት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ረጅም መሰላል ነው። ፊደል ቆጠራው ያልቅና አቡጊዳው ይከተላል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል፤ ንባቡ እየተቃና ሄዶ ዳዊት ላይ ይደረሳል። ዳዊት ለደገመ ልጅ ይደገሳል። ብዙው ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። የሚቀጥለው ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ አገር አቋርጦ ወደ ዜማውና ወደ ቅኔው ቤት ይሄዳል፤ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ ይማራል። እንዲህ ያለ ኑሮ ለሚጠብቀው ልጅ ከእናቱ ጉያ ቶሎ መላቀቁ ራሱ አንድ ትምህርት ነበር። ወይፈን ቀንበር እንደሚለምድ ሁሉ ልጅም መለየትን ይለምዳል ነው ነገሩ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ቁርዓን ቤት ሲገቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ከእንጨት የተጠረበ ሉህ ይያዛል፤ በቀለም ይጻፍበታል፤ ሲጠና ታጥቦ እንደገና ይጻፍበታል። ወላጅ ለሸኹ «አደራ» ብሎ ይመለሳል።

ለአእምሮም ዝግጅት ነበረ። ትምህርት ቶሎ እንዲገባው ተብሎ አብሾ የሚባለው የዕፅ መጠጥ ለልጅ የሚሰጥበት ቤት ነበር። አብሾ ጠጥተው ሊቅ ወጣቸው እንደሚባሉት ሁሉ፣ አእምሮአቸው ታወከ የሚባሉም አሉ። ዛሬም ግልፍተኛውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። እንግዲህ ለልጁ ጭንቅላት ይህን ያህል የተጨነቀ ዝግጅት ለልቡ ምንም አላዘጋጀለትም ማለት ነው።

መንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍትም አሳቡ ያው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ትልቁ ዝግጅት የተደረገው ለትልልቆቹ ሰዎች ነው። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያናጋል ብለው ስለ ሰጉ፣ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች ወገን እንዲመጡ ተደረገ። በዚህ ካህናቱ ረገብ አሉ፤ መኳንንቱም ልጆቻቸውን ሰደዱ። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በዝርዝር ነግሬአቸዋለሁ። በዚያች ጥቅምት ወር ከቤቱ የወጣው ልጅ ማታ ምን እያሰበ እንደ ተኛ ግን ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ የለም። የትምህርት ታሪካችን የደወል ድምፅ እንጂ የልቅሶ ድምፅ አይሰማበትም።

«እስክቀመጥ አትሂድ»

ሁለተኛው ቀን የእናቴ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች። ዘመቻው በከተሞች ተነሥቶ ወደ ገጠሩ የሄደ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ ቁጥራቸው ወደ አሥራ አምስት ከፍ አለ፤ በዩኔስኮ በኩልም ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ዘመኑ ግን የደም ዘመን ነበር። የቀይ ሽብሩ ሐዘን ከየቤቱ ገና አልወጣም፤ ቀበሌ ሲባል የሚሸማቀቀው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም በዚያው በቀበሌ አዳራሽ እናቶቻችን እርሳስ ጨበጡ።

እናቴ በዋዜማው በደንብ አልተኛችም። ደብተሯን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ነጠላዋን አጠበች፤ ልክ ለእኔ እንዳደረገችው። «አብረኸኝ ና» አለችኝ። እኔ ያኔ ወጣት አስተማሪ ነኝ። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ልመለስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«እስክቀመጥ አትሂድ» አለች።

«እማዬ፣ ምን ያስፈራሻል? ሁሉም ጎረቤቶችሽ ናቸው» አልኳት።

«ይሁና። ቦታዬን ልያዝ፤ አስተማሪውን ልየው፤ ከዚያ ትሄዳለህ።»

ቆምኩ። ከኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለችው የገበያ ጓደኛዋ ሆና ተገኘች። አንድ ነገር ተባባሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሣቁ። ይህን ጊዜ ወደ በሩ ዞር ብላ በዓይኗ «በቃ ሂድ» አለችኝ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከጥቂት ወራት በኋላ ስም መጻፍ ቻለች፤ ከራሷ ስም በፊት የጻፈችውም የእኔን ነው።

ያን ቀን አንድ ነገር መማር ነበረብኝ። አርባ ስድስት ዓመት የኖረች፣ ልጆች ያሳደገች፣ በገበያ ማንም የማያታልላት ሴት ወደማታውቀው ክፍል ለመግባት የአምስት ደቂቃ ሰው ካስፈለጋት፣ ለአራት ዓመት ሕፃንማ ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን? አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ይህን አልጠየቅሁም።

የጓሮው በር

ሦስተኛው ቀን የልጄ ነው፤ መስከረም 1977 ዓ.ም.። አሥረኛው የአብዮት በዓል መከበሩ ነው፤ ቀይ ጨርቁ ከየመንገዱ ገና አልወረደም። በሰሜን ረሀብ ሰው ይፈጃል። በከተማው ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት እየከፈቱ ሕፃናትን ይቀበላሉ። ባልና ሚስት ሁለታችንም ሠራተኞች ለሆንን ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ይህ ቤት ከየት መጣ ያልን እንደሆነ ሥሩ ጀርመን ነው። ፍሬድሪክ ፍሮቤል የሚባል መምህር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ቤት ከፈተ። በ1840 «ኪንደርጋርተን» የሚል ስም ሰጠው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ እንደ ማለት ነው። ልጅ እንደ ወይፈን የሚጠመድ ሳይሆን እንደ ችግኝ የሚኮተኮት ነው ባይ ነበር። ኳሱ፣ የእንጨት ኩቡ፣ መዝሙሩ፣ የክብ ጨዋታው ሁሉ ትምህርት መሆኑን ሲያስረዳ ኖረ። ይህ ሰው የራሱ እናት የሞተችው እሱ ገና የዘጠኝ ወር ሕፃን ሳለ ነው። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 «አምላክ የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስተምራል» ብሎ ኪንደርጋርተንን ከለከለ። ፍሮቤል በዓመቱ ሞተ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። የታሪክ ነገር ያስቃል፤ አንዱ መንግሥት ሶሻሊዝም ያመጣብኛል ብሎ የዘጋውን ቤት፣ ሌላው ሶሻሊዝም ያመጣልኛል ብሎ በየቀበሌው ከፈተው።

የእኛ ሰዎች ለዚህ ቤት ስም ሲያወጡለት አትክልት አላሉትም፤ መዋዕለ ሕፃናት አሉት። መዋዕል በግዕዝ ቀናት፣ ዘመን ማለት ነው። ጀርመናዊው ቦታውን አየ፤ የእኛው ሰው ጊዜውን አየ። እኔ ግን ያቺን አንዲት ቀን እንኳ በወጉ አላየኋትም።

ዝግጅታችን ሁሉ ዕቃ ነበር። ሰማያዊ ሽርጥ ተሰፋ፤ ደረቱ ላይ ስሟ ተጠለፈ፤ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ተገዛ። የአስተማሪ ልጅ ናትና ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ አስጠናኋት። በዕለቱ በሩ ላይ ስንደርስ እጄን አልለቅ አለች። ሥራ ረፍዶብኛል። ሞግዚቷ ጠጋ ብላ «በጓሮ በኩል ይውጡ፤ ሳታይዎት ቢሄዱ ይሻላል፤ ወዲያው ትረሳዋለች» አለችኝ። አሻንጉሊት አምጥታ ታጫውታት ጀመር። «መጣሁ» አልኳትና ወጣሁ። ማታ ልወስዳት ስመጣ «ወዲያው ዝም አለች እኮ፤ ጎበዝ ናት» ተባልኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሁለቱን ነገር አላያያዝኳቸውም።

ዝምታና መጽናናት

ከዚያ ወዲህ አገሩም ትምህርቱም ተለዋወጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ቢያነሣም ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ቀረ። ከተማው በግል መዋዕለ ሕፃናት ተሞላ፤ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ የየቤቱ ቋንቋ ሆኑ። አብዛኛው የገጠር ሕፃን ግን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ውጪ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ለሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የጋራ ማዕቀፍ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ኦ» የተባለው የአንድ ዓመት ክፍል ተስፋፋ። ይህ መልካም ነው። ግን የወላጁን ዝግጅት እንይ ካልን፣ እናቴ ዳዊት እንድደግምላት እንደ ተመኘች፣ ቀበሌው አዲሱን ሰው እንደ ተመኘ፣ ያሁኑ የከተማ ወላጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ይመኛል። የሦስት ዓመት ሕፃን «ኤ ቢ ሲ» እየተባለች ታድራለች። ምኞቱ ተለዋወጠ እንጂ ያው የትልቁ ሰው ምኞት ነው።

የ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ልጄ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። የልጅ ልጄ በቀጣዩ ወር መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። ቡና እየተፈላ ምክር ጀመርኩ፤ አያት አይደለሁ? «ስታደርሻት ብዙ አትቁሚ፤ ሌላ ነገር ስታይ ቀስ ብለሽ ውጪ፤ ወዲያው ትረሳዋለች» አልኳት።

ልጄ ሲኒውን አስቀምጣ አየችኝ።

«አባዬ፣ የጓሮው በር አረንጓዴ ነበር» አለች።

የቱ በር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«በእሱ ትመለሳለህ ብዬ ቀኑን ሙሉ እሱን ሳይ ዋልኩ። አንተ በዋናው በር መጣህ። ዝም ያልኩት ረስቼ አልነበረም፤ ባለቅስ አይሰማኝም ብዬ ነው።»

በቁጣ አልተናገረችውም፤ ለዚህም ነው የባሰ የከበደኝ። ቡናው ቀዘቀዘብኝ። የአርባ ዓመት ሚስጥር ነው። እኔም በሰባ ሁለት ዓመቴ የጉለሌው ቅጥር በር ትዝ አለኝ። ለካ እናቴ ከእኔ የወጣችበት በርና እኔ ከልጄ የወጣሁበት በር አንድ ናቸው።

ልማድ ነውና ቤቴ ስመለስ መጽሐፍ ውስጥ ገባሁ። ጆን ቦውልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሕፃናት ከወላጅ ሲለዩ የሚሆኑትን ሲያጠና ዕድሜውን ጨርሷል። የሥራ ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ለስምንት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን እንደ ልቡ እንዲጎበኝ አይፈቅዱም ነበር፤ እናት መጥታ ስትሄድ ልጁ እንደ አዲስ ያለቅሳል፣ ካልመጣች ግን ዝም ይላል፣ ይለምዳል ተብሎ። ሮበርትሰን ያሳየው ያ ዝምታ መጽናናት አለመሆኑን ነው። ብዙ ሐኪሞች ተቆጡ፤ ሆኖም በ1959 ለመንግሥት የቀረበ ዘገባ ወላጅ ልጁን በማንኛውም ሰዓት ይጎብኝ ሲል አሳሰበ። በፍሮቤል አገርም በ1980ዎቹ በርሊን ላይ አንድ ሥርዓት ተቀየሰ። ወላጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ክፍሉ ውስጥ ከልጁ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ጥሎ አይወጣም። በአራተኛው ቀን ተሰናብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣና ይመለሳል። ሕፃኑ መምህሯን ማመን ሲጀምር ጊዜው ይረዝማል። ተደብቆ መውጣት ግን የለም።

ይህን ሳነብ እናቴን አስታወስኩ። በርሊን ምን እንደ ተባለ ሳታውቅ፣ በ1971 ዓ.ም. በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ክንዴን ይዛ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

ቃል

ልጄ የራሷን ልጅ ያዘጋጀችበትን መንገድ እንደ አየሁት ልንገራችሁ፤ ለሚመጣው መስከረም የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም። ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት በትምህርት ቤቱ በር በኩል በእግር እያመላለሰቻት ቦታውን አስለመደቻት። አንድ ቀን አስፈቅዳ ግቢውን፣ ክፍሉንና በተለይም ሽንት ቤቱን አሳየቻት፤ «ሽንቴ መጣ» ብላ ለመምህሯ መናገርን አለማመደቻት። ምሳ ዕቃዋን ራሷ እንድትከፍት፣ ጫማዋን ራሷ እንድታደርግ ተወቻት፤ ቢዘገይም። የመኝታዋን ሰዓት ከመስከረም በፊት አስተካከለች። ሰዓት ለማታውቅ ልጅ «ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» አላለቻትም፤ «ምሳ ትበያለሽ፣ ትተኛላችሁ፣ ስትነቁ ትዘምራላችሁ፣ ከመዝሙሩ በኋላ እኔ እመጣለሁ» አለቻት። በቦርሳዋ ውስጥ የራሷን ሻሽ ጨመረችላት። ፊደል ግን አላስጠናቻትም። «እሱን እዚያ ትማረዋለች» አለችኝ።

በዕለቱ እኔም አብሬ ሄድኩ። መምህሯ ወላጆች እንዲገቡ ፈቀደችና ልጄ ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ልትሄድ ስትል በርከክ ብላ ልጇን ፊት ለፊት አየቻትና «አሁን እሄዳለሁ» አለቻት። «መጣሁ» አላለችም። «ከመዝሙሩ በኋላ እመጣለሁ።» ልጅቷ አለቀሰች። ልጄም ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ግን አልተደበቀችም፤ በዋናው በር፣ እየታየች ወጣች። መምህሯ ሕፃኗን አቀፈቻት። ልቅሶው አለ፤ ግን የተታለለ ልጅ ልቅሶ አልነበረም።

እኔ ከግቢው ውጪ ካለች ሱቅ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከመዝሙሩ በኋላ ልጄ በሰዓቷ፣ በዚያው በገባችበት በር መጣች። የልጅ ልጄ ሻሹን በእጇ ይዛ ስትወጣ መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«አባባ፣ አንተም አልሄድክም?» አለችኝ።

«አልሄድኩም» አልኳት። ያንን መልስ ለእሷ ብቻ አልነበረም የመለስኩት። ልጄ ሰምታ ክንዴን ያዘች፤ ሦስታችን ወደ ቤት ተመለስን።